ያልተዘለለው ምዕራፍ

የእህቴ ልጅ የሬዲዮ ጣቢያችን ኃላፊ ከሆነ ወዲህ ቤት ስንገናኝ «አክስቴ» ይለኛል፣ ቢሮ ደግሞ «እርስዎ»። ያን ቀን ቢሮው አስጠርቶ «እርስዎ፣ ይቀመጡ» ሲለኝ ነገር እንዳለ ገባኝ።

«የዛሬውን ምዕራፍ ይዝለሉት» አለ። «ሰው ከሥራ ደክሞት ሲገባ ይሄ አሮጌ ለቅሶ ምን ያደርግለታል? ወደ ፍቅሩ ታሪክ ይለፉ።»

በየቀኑ አመሻሽ ላይ በቀጥታ የምተርከው ልብ ወለድ ደራሲ ከሞተ ቆይቷል፤ ልጆቹም አርጅተዋል። በዚያ ምዕራፍ ባሏ የሞተባት ሴት ቤትሽን ለቀሽ ውጪ ስትባል እንቢ ብላ ዳኛ ፊት ትቆማለች። ያለ እሱ መጽሐፉ ባዶ ሽፋን ነው።

«አሮጌ?» ደሜ ፈላ። «ባለፈው ሳምንት የሰፈራችን ልብስ አጣቢ ከነልጆቿ፣ ከነሳፋዋ መንገድ ላይ ስትጣል የት ነበርክ? ሰውየው ስለሷ ነው የጻፈው። እሷም አንተም ሳትወለዱ ጻፈላት!»

«አክስቴ፣ በናትሽ አታስቸግሪኝ።» «እርስዎ» የሚለው ወዲያው ጠፋ። «ካልዘለልሽው ሌላ ተራኪ እፈልጋለሁ። ቀልዴን አይደለም።»

ተነስቼ ወጣሁ። መውጣቴን እሺታ አድርጎ ወሰደው፤ ሞኝ።

እኛ ተራኪዎች መጽሐፍ ይዘን ስቱዲዮ አንገባም። ገጽ ሲገለጥ ማይክሮፎኑ ኮሽታውን ይይዛል። ስለዚህ የዕለቱ ምዕራፍ በነጠላ ነጠላ ወረቀት ተጽፎ ይጠብቀናል፣ አንብበን የጨረስነውንም ቀስ አድርገን ምንጣፉ ላይ እንለቀዋለን። ስገባ ጠረጴዛው ላይ የጠበቀኝ የሚቀጥለው ምዕራፍ ነበር። የኔ ብልጥ ቀድሞኝ ወረቀቱን አስቀይሮታል! ያሳደግኩትን ልጅ የማላውቀው መስሎታል። ከቦርሳዬ መጽሐፉን አወጣሁ።

ከመስታወቱ ማዶ ያለው የድምፅ ቴክኒሻን ዓይኑ ፈጠጠ። «እትዬ፣ ይንኮሻኮሻል እኮ!» አለኝ በማዳመጫው።

«ይንኮሻኮሽ።»

ቀዩ መብራት በራ። መጀመሪያ ድምፄ ከንዴት የተነሳ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፣ ሴትዮዋ ችሎት ስትገባ ግን ረጋ። ገጹን በገለጥኩ ቁጥር ኮሽታው ሬዲዮ በተከፈተበት ቤት ሁሉ ይገባል። ይግባ! መጽሐፍ መሆኑን ይወቁት።

ዳኛው «ማንን ተማምነሽ ነው?» ብሎ ሲጠይቃት የእህቴ ልጅ ቴክኒሻኑ ክፍል ደረሰ። ቀዩ መብራት ሲበራ ማንም ስቱዲዮ እንዳይገባ የሚለውን ማስታወቂያ በሩ ላይ የለጠፈው ራሱ ነው። መስታወቱን በመዳፉ መታ። ፊቴን ወደ መጽሐፉ መለስኩ። ቀና ስል ቴክኒሻኑን ገፋ አድርጎ የድምፅ መቆጣጠሪያው ላይ ጎንበስ ብሏል። መብራቱ ጠፋ፣ ማዳመጫዬ ውስጥም ዘፈን ተለቀቀ።

እንጀራዬ እዚያው እንደተቆረጠ አላጣሁትም። ዕድሜዬን የኖርኩበት ክፍል ነው፣ ሌላ ሥራ አላውቅም።

በሩን በርግዶ ገባ። «በቃ አክስቴ፣ አበቃ። አሁን ማንም አይሰማሽም።»

«አንተ ትሰማለህ» አልኩት። «በሩን ዝጋና ተቀመጥ።»

አልተቀመጠም፤ አልወጣምም። እኔ ሴትዮዋ ለዳኛው ወደሰጠችው መልስ ተመልሼ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ቀጠልኩ።