መጋረጃችንን የሚችል ካርድ

ልጆቼ፣ እኔ በዕድሜዬ የማውቀው መኪና የልብስ ስፌት መኪና ነው። ኮምፒውተር የሚሉትን በምራቴ ጠረጴዛ ላይ አየዋለሁ እንጂ ነክቼው አላውቅም። ግን እሱ ሲታመም የእኛም ሥራ እንደሚታመም ከተረዳሁ ቆይቻለሁ።

ምራቴ ከእኔ ጋር ትሰፋለች። በዚያ ላይ ገና ያልተቆረጠ ጨርቅ ተሰፍቶ ሲሰቀል እንዴት እንደሚወድቅ በኮምፒውተር ተንቀሳቃሽ ሥዕል ሠርታ ታሳያለች። እኔ የጨርቅን አወዳደቅ ለማወቅ ስንት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ እሷ መቀስ ሳታነሳ ታየዋለች። መጀመሪያ ያሳየችኝ ቀን አፌን በእጄ ያዝኩ።

ታዲያ አንድ የቴአትር ቤት ኃላፊ የመድረክ መጋረጃ ሊያሰፉ መጡ። ወይን ጠጅ ከፋይ ጨርቅ፣ ቁመቱ ዘጠኝ ሜትር፣ እጥፋቱ ለቁጥር የሚታክት። «ሲከፈትና ሲዘጋ ዓርብ አሳዩኝ፤ ካልሆነ ሌላ ሰፊ አለ» አሉ። እንዲህ ያለ ትልቅ ሥራ በምራቴ ስም ሲመጣ የመጀመሪያው ነበር። ሰኞ ጠዋት ግን ስክሪኗ ላይ አረንጓዴ ነጠብጣብ ፈሰሰና ኮምፒውተሩ ቀጥ አለ። ሥዕሉን የሚሠራው ግራፊክስ ካርድ ተቃጥሏል አለች። ፊቷ እንደ ገበር ጨርቅ ነጣ።

ልጄን፣ ባሏን ማለቴ ነው፣ ቤት ውስጥ «መዝገብ» ነው የምንለው። የዕቃ ቁጥር አይረሳም። የጎረቤት ፍሪጅ ስንት ዋት እንደሚበላ ከባለቤቱ በላይ ያውቃል። ምሳ ላይ ሳህኑን ገፍቶ ወረቀት ዘረጋና ሁለት ካርድ አነጻጸረልን።

«ይሄ አዲስ ነው። ጨዋታ ላይ ሲሞክሩት በሰከንድ መቶ አሥር ሥዕል ያወጣል፤ ሜሞሪው ስምንት ጊጋ። ያኛው ያለፈው ትውልድ ነው፤ ከሰማንያ አያልፍም፤ ሜሞሪው አሥራ ስድስት። ዋጋቸው እኩል ነው።»

«ታዲያ የቱ ይሻላል?»

«ምን ጥያቄ አለው እማዬ! መቶ አሥር ከሰማንያ ይበልጣል።»

«እሱንማ እኔም አላጣሁትም። አራተኛ ክፍል ደርሻለሁ።»

ምራቴ ሳቀች፤ ከዚያ «ሜሞሪው ግን…» ብላ ጀመረችና ተወችው።

«ሜሞሪ ማለት ምንድን ነው?» አልኳት።

«ካርዱ ሥራውን የሚዘረጋበት ቦታ ነው እማማ። እንደ እኛ መቁረጫ ጠረጴዛ ይቁጠሩት።»

እንዲህ ሲነግሩኝ ይገባኛል። መኪናው ምን ቢፈጥን፣ ጠረጴዛው ከጠበበ ጨርቁ መሬት ይጎተታል። ቢሆንም ወረቀቱን የያዘው ልጄ ነውና ሳህኖቹን አነሳሁ።

ማክሰኞ ሦስታችንም ሱቅ ሄድን። ያለን ገንዘብ ለአንድ ካርድ ብቻ የሚበቃ ነው፤ ግድግዳው ላይ ደግሞ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ተብሎ ተለጥፏል። ሻጩ አፈ ጮሌ፣ ግን ደግ ሰው ነው። ሁለቱንም ካርዶች አወጣልን። እኔም በግራና በቀኝ እጄ መዘንኳቸው። አዲሱ ከበድ ይላል።

«ዕቃ ማለት ይሄ ነው!» አልኩ። ጥሩ የስፌት መኪና በክብደቱ ይታወቃላ።

«እማማ፣ የከበደዎት ማቀዝቀዣው ነው» አለ ሻጩ እየሳቀ። «ብረትና ፋን።»

አፍሬ መልሼ አስቀመጥኩት።

ሻጩ በሁለቱም ካርዶች የመኪና እሽቅድምድም ከፈተልን። በአዲሱ ካርድ መኪናዎቹ እንደ ውኃ ይፈስሳሉ። መዝገብ አጨበጨበ። «አላልኩም? አላልኩም?» ቦርሳውንም ከፈተ።

እኔ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። የስፌት መኪና ሻጭ ሁልጊዜ በስስ ጨርቅ ነው የሚያሳያችሁ። በስስ ጨርቅ የማይሰፋ መኪና የት አለ? ስለዚህ እኔ መኪና ልገዛ ስሄድ ወፍራም ጨርቅ አራት ቦታ አጥፌ ከቤቴ ይዤ ነው የምሄደው።

«ልጄ፣ መጋረጃሽን ይዘሻል?» አልኳት ምራቴን።

«በፍላሽ ይዣለሁ። ግን እማማ፣ ደንበኛ ቆሟል፤ ሰውየውን አናስቸግረው።»

የሰው ፊት እሳት ነው፤ የእሷ ይሉኝታ ደግሞ ከሰው ሁሉ ይበልጣል።

«አንቺ ተይው፤ እኔ አስቸግረዋለሁ። ለአሮጊት ይፈቀዳል።»

ሻጩ ሰምቶናል። «እማማ፣ ሊፈትኑን ነው?»

«አዎ የኔ ጌታ። ፈተናው ደግሞ ዘጠኝ ሜትር ነው።»

ወንበር አመጣልኝ። ምራቴ ፕሮግራሟን ጫነችና በአዲሱ ካርድ ጀመረች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈጣን ነው! እጥፋቱ አንድ በአንድ ይገለጣል፤ መዝገብ በኩራት ያየኛል፤ እኔም ልቤ ማመንታት ጀመረ። መጋረጃው ግማሽ ከተከፈተ በኋላ ግን ቀጥ አለ። ቀይ ጽሑፍ መጣ።

«ሜሞሪ አልበቃም ይላል» አለች ምራቴ ቀስ ብላ።

ሻጩ አጥፍቶ እንደገና ሞከረው። እዚያው ቦታ ላይ ቆመ። ካርዱን ነቅሎ ሌላኛውን ሰካ። እሱ ደግሞ እኔ ደረጃ ስወጣ እንደምሆነው ነው፤ ያዘግማል፣ ግን አያርፍም። ሻይ ጠጣን፤ ሁለት ደንበኛ ገብቶ ወጣ፤ መጋረጃው እስከ ጫፉ ተከፈተ።

«መዝገብ፣ ታዲያ መቶ አሥሩ የት ደረሰ?»

«እማዬ፣ በጨዋታ ቢሆን እኮ…»

«እኛ ምን እሽቅድምድም አለብን?»

ሻጩ በሳቅ ፈረሰ። ልጄም ሳቀ፤ እውነት ከሆነች እልህ አያውቅም። አዲሱንም ካርድ አልወቅሰውም፤ ለተሠራበት ሥራ ጎበዝ ነው። ደግሞ የመዝገብ ቁጥር ከንቱ አልቀረም፤ የገዛነው ካርድ ርዝመቱ ሳጥናችን ውስጥ እንደሚገባ፣ ኃይል ሰጪውም እንደሚችለው አጣርቶ የመጣው እሱ ነው። እቤት ገብቶ የገጠመውም እሱ ነው።

ኮምፒውተሩ ሁለት ቀን ሠራ። ዓርብ ኃላፊው መጥተው ተቀመጡ። ምራቴ ከፈተችላቸው። ከፋዩ እየተሰበሰበ ወደ ጎን ሄደ፤ ግማሹን አለፈ፤ ሊያልቅ ሲል ኃላፊው «ቆይ! መልሺው!» አሉ።

ምራቴ ደነገጠች። መለሰችው። የቀኙ ጠርዝ ወለሉ ላይ ተንፏቆ ከስሩ ይታጠፋል።

«ይሄ ለምን ሆነ?»

«የመድረኩ ወለል በቀኝ በኩል አራት ጣት ከፍ ይላል» አለች፣ ጠርዙን በጣቷ እያሳየች። «መድረኩን ስለካ አግኝቼው ሥዕሉ ውስጥ አስገብቼዋለሁ፤ መጋረጃውን ግን እርስዎ ባሉት ቁመት ነው የተውኩት።»

ኃላፊው ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ። «ስንት ዓመት እዚያ መድረክ ላይ ስመላለስ አላወቅሁትም። የድሮው መጋረጃ ቀኙ ብቻ ለምን እንደሚበላ ዛሬ ገባኝ።» ከዚያ ተነሡ። «በቀኝ አሳጥሪው። ሥራው ያንቺ ነው።»

በማግሥቱ ከፋዩን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋነው። መቀሱን ወደ እኔ ገፋችው።

«እማማ፣ እርስዎ ይቁረጡ።»

«ሥራው ያንቺ ነው ተብሏል፤ አልሰማሽም?»

ከፋይ ጸጉሩ ወደ አንድ አቅጣጫ መተኛት አለበት። በመዳፏ ሁለት ጊዜ ዳሰሰችው፤ ቀኙን አራት ጣት ቀንሳ በጠመኔ አሠመረች። መዝገብ ሜትሩን፣ እኔ ደግሞ ጫፉን ያዝን፤ እሷ ቆረጠች።