የድንቡሼ የመጀመሪያ እርምጃ

ልብስ ሰፊው ከስፌቱ ቀና ሲል፣ ልጁ ድንቡሼ የስፌት መኪናውን እግር ለቆ እየተወላገደ አያቱ ጉልበት ላይ ደረሰ። ቤቱ በሙሉ ሲጠብቀው የከረመው የመጀመሪያ እርምጃ! አባት በደስታ ሊዘል ሲል ሚስቱ ትዝ አለችው። ባንክ ውላ ስትመጣ «ልጄ ሲራመድ እንኳ ሳላይ» ብላ ዕድሜ ልኳን አትለቀውም።

«እማማ፣ እኛ ምንም አላየንም» አላቸው አማቱን።

«እኔ ድሮስ በየትኛው ዓይኔ!» አሉ፣ ቁልፍ መትከላቸውን ሳያቋርጡ።

ሚስቱ ስትመጣ ጫማዋን እስክታወልቅ እንኳ አልጠበቃትም። ልጁን ምንጣፉ መሃል አስቀምጦ በሜትሩ ያባብለው ጀመር። ድንቡሼ ጣቱን ይጠባል። ሰውየው ትዕግሥት የት ያውቃል! ልጁ ከመቀመጫው ሳይነሳ «ኧረ ተራመደ! ኧረ ጉድ!» ብሎ ጮኸ።

ሚስቱ በሳቅ ፍርስ አለች። «መጀመሪያ ይነሳ እንጂ! አንተ ሰው ውሸት እንኳ አትችልበትም። እኔ እሑድ ለት አይቼው፣ እንዳይከፋህ ብዬ ነው ትንፍሽ ያላልኩት።»

«እሑድ?» አሉ አማት፣ ክሩን በጥርሳቸው በጥሰው። «እሑድማ ከጀመረ ሳምንት አልፎት ነበር።»

ሦስቱ ተፋጠው ሳለ ድንቡሼ ብድግ አለና ምንጣፉን አቋርጦ ቆመ። በየመጀመሪያ እርምጃው የለመደው ጭብጨባ ሲዘገይበት፣ ሦስቱንም በየተራ ገላመጣቸው።