የትንሿ ሞተር ሞላ

ትንሿን ሞተር ሳይክል የገዛሁት ልጆቼን ድሬ ከጨረስኩ በኋላ ነው። ለጀማሪ የምትሆን፣ ቀላል፣ ስቀመጥባት ሁለቱም እግሮቼ መሬት የሚነኩባት ናት። መጋረጃ ሰፊ ነኝ፤ ሰው ቤት እየዞርኩ መስኮት እለካለሁ። ታክሲ ስጠብቅ የማጠፋው ጊዜ ስሰፋ ከማሳልፈው በልጦ ነበር። ልጆቼ በሳቅ ሊሞቱ ደረሱ። ባሌ ግን አልሳቀም፤ ዞሮ ዞሮ አያትና "ጎማዋ የልጅ ብስክሌት ጎማ ያክላል" ብሎኝ ገባ።

ባሌ ዕድሜውን ሙሉ ተሳቢ የነዳ ሰው ነው። ዓይኑ ደክሞ መንጃ ፈቃዱን አናድስልህም ካሉት ወዲህ ቤት ውሏል። ቤት መዋል ደግሞ አያውቅበትም። ያልተበላሸ በር ይፈታል፣ ደህናውን ቧንቧ አጠብቃለሁ ብሎ ይሰብራል። አንድ ቀን ላግዝሽ ብሎ የልብስ ስፌት መኪናዬን ዘይት አጠጥቶ፣ የሙሽራ ቤት ነጭ መጋረጃ በዘይት አበላሽቶ አስለቅሶኛል። ስለዚህ ሞተሯ መንገድ ላይ ትዋልላለች፣ ፍሬን ስይዝ በአፍንጫዋ ትደፋለች ብዬ ያማረርኩ ዕለት ፊቱ በራ።

"ሞላዋ ነው" አለ። "ለእኔ ተዪው።"

ወንበሯ ላይ ወጣና ሰውነቱን አንዴ ለቀቀባት። የኋላዋ ዘጭ ብሎ ወረደ።

"አየሽ? ይቺ ጭነት አትችልም።"

"እኔ ጭነት ነኝ እንዴ?"

"መኪና የሚለካው በጭነቱ ነው" አለ። ለብዙ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ይኸው ነው።

ግቢያችን ጋራዥ ሆኖ ሰነበተ። የፊት ጎማዋን የያዙትን ሁለት እግሮች ፈትቶ በውስጣቸው ያለውን ቀጭን ዘይት በወፍራም ቀየረ። ከኋላ ያሉትን ሞላዎች አውልቆ ደንዳና ሞላ አስገባ። ከሞላው ሥር ያለውን ባለ ጥርስ ቀለበት ደግሞ በቆልማማ መፍቻ እስከ መጨረሻው ጥርስ ድረስ አጠበቀው። እያፏጨ ነበር የሚሠራው። ፉጨቱን ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ፤ እኔም መርፌዬን ይዤ በመስኮት እያየሁት ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ደስታዬ ግን እስከ መጀመሪያው ጉድጓድ ነበር። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይሄ ነው። እርግጥ ሞተሯ አትዋልልም፣ ፍሬን ስይዝም አትደፋም። ነገር ግን መንገድ ላይ ያለ ጠጠር ሁሉ እስከ ወገቤ እየመጣ ሰላም ይለኛል። የፍጥነት መቀነሻ ላይ ስወጣ ከወንበሩ ተነሥቼ ስመለስ ጥርሴ ይጋጫል። ደንበኛዬ ቤት ደርሼ መሰላል ላይ ብወጣ መውረድ አቃተኝ፤ ሴትዮዋ በዕድሜ የምትበልጠኝ ሆና ሳለ ደግፋ አወረደችኝ።

ቤት ስገባ ባሌ በር ላይ ጠበቀኝ።

"እንዴት ናት?"

"ጥሩ ናት" አልኩ።

ምላሷ አያርፍም የምባል ሴት ነኝ፤ ያን ቀን ግን ሆድ ይፍጀው አልኩ። እንዲያ ሲያፏጭ ሰምቼ "አበላሸህብኝ" ለማለት አንደበቴ እንቢ አለ። ራሴን ደግሞ አውቀዋለሁ። ይቺን ሞተር አንዴ ካቆምኳት ደግሜ አልነካትም። ማንንም ሳልጠብቅ ተነሥቼ የምሄድበት ነገር በዕድሜዬ ያገኘሁት እሷን ብቻ ነው፤ እሷን ካጣሁ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው የማረጀው።

ወገቤ ሲብስብኝ ሙያ በልብ ነው ብዬ ለባሌ ትንፍሽ ሳልል ወደ መካኒክ ወሰድኳት። ሰፈሩ "ዝምተኛው" ይለዋል፤ አፉ ስለማይዘጋ ነው። ደንደን ያለ ሰው ነው። ወንበሯን ተጫነ፣ እኔን አስቀመጠኝ፣ ጎንበስ ብሎ ሞላውን አየ፤ ከዚያ ዝም አለ። ዝም ማለቱ አስደነገጠኝ።

"እትዬ፣ ይሄን ማን ነው የሠራው?"

"ምነው፣ ተበላሸ?"

"ኧረ ሥራውስ ንጹሕ ነው። ግን ለእርስዎ አልተሠራም። ሰው ሲቀመጥበት ሞላ ትንሽ ሸብረክ ማለት አለበት፤ ይሄ እርስዎን ከምንም አልቆጠረዎትም። የሁለት ሰው ሞላ ነው። ከኋላ ከበድ ያለ ሰው ይጭናሉ?"

"ማንንም ጭኜ አላውቅም።"

"እስቲ እኔን ይጫኑኝ" ብሎ ከኋላዬ ወጣ።

ያቺው ሞተር ናት፣ ያው መንገድ ነው። የፍጥነት መቀነሻው ላይ ስንወጣ ዝቅ አለች፣ ቀስ ብላ ተመለሰች። ወገቤ መኖሩንም ረሳሁት።

ያኔ ገባኝ። ባሌ ወንበሯ ላይ ወጥቶ የለካው የራሱን ክብደት ነው። ጓደኞቹ የሚውሉበት የከባድ መኪና ማቆሚያ እኔ መስኮት ከምለካባቸው ሰፈሮች ትንሽ አለፍ ይላል። መንዳት ካቆመ ጀምሮ ሄዶ አያውቅም፤ ለምን ሲባል ታክሲ ውስጥ ጉልበቴ አይገባም ይላል። አድርሺኝ ማለት ከብዶት ሞላውን አጠበቀልኝ። አንጀቴን በላው። ደግሞም ተናደድኩ፤ "አንተ ግትር" ብዬ መንገድ ዳር ሰደብኩት። ዝምተኛው የተሰደበ መስሎት ከሞተሯ ወረደ።

ይቅርታ ጠይቄው ወደ ጋራዡ ተመለስንና የፊቱን ዘይት ትንሽ አቀጠነልኝ። ብቻዬን ስሆን ቀለበቱን የትኛው ጥርስ ላይ እንደማላላው፣ ሁለት ስንሆን የትኛው ላይ እንደማጠብቀው አሳየኝ። ቤቴ ድረስ እየዘፈንኩ ነዳሁ።

በማግስቱ ጠዋት ቆልማማውን መፍቻ ለባሌ ሰጠሁት።

"የኋላውን አጥብቅልኝ።"

"አጥብቄው አልነበር እንዴ? ማን ነካው?"

"እኔ። ለብቻዬ ስሆን አላላዋለሁ። ዛሬ አንተን ጓደኞችህ ጋ አደርስሃለሁ።"

"መንገድሽ አይደለም።"

"መንገዴ አድርጌዋለሁ።"

መፍቻውን አገላበጠው። ከዚያ ተንበርክኮ አጠበቀው፣ እጁን ታጠበ፣ ገብቶ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ ወጣ። ሞተሯን አስነሣሁ። ከኋላዬ ተቀመጠና ግራ ቀኙን ሲዳብስ ተሰማኝ።

"እጄን የት ላድርግ?" አለኝ በቀስታ።

ዕድሜውን ሙሉ ሰውና ዕቃ ያደረሰ ሰው ነው፤ ከሰው ጀርባ ተቀምጦ አያውቅም።

"እኔን ያዝ" አልኩት።