በበር ቀለም የተለቀለቀው ሞተር

የጋራዡ ቀለም ቀቢ የአሮጌዋን መኪና ኮፈኖ ገልጦ ሲያይ «ምን ጉድ ነው!» አለ። ሁለት ቀን ጉንፋን ጥሎት ነበር። ከመተኛቱ በፊት መካኒክ የሆነውን የእህቱን ባል «እኔ እስክመጣ ሞተሩን እንዳትነካው» ብሎ አስጠንቅቆት ነበር። ምን ዋጋ አለው! ሰውዬው ሞተሩን ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ቀለም ለቅልቆበታል።

ኤዲያ፣ ይሄም ሥራ ተብሎ! ዘይቱ ሳይታጠብ፣ ዝገቱ ሳይፋቅ ተቀብቷል። የጎማ ቱቦው ተቀብቷል፣ የካንዴላው ሽቦ ተቀብቷል፣ አንዲት ዝንብ ሳትቀር ከነክንፏ ተቀብታ ደርቃለች። በጥፍሩ ቢነካው ቀለሙ እንደ ወተት ስልባቦት ተሸብሽቦ ተነሳ፤ ከሥሩ ያው ጥቁር ቅባት። አሸተተው። የግቢውን በር ከቀቡበት የተረፈው ነው!

እሱ እኮ ያጠበውን ብረት በነጭ ጨርቅ ጠርጎ፣ ጨርቁ ትንሽ ካደፈ እንደገና ከሀ የሚጀምር ሰው ነው። «ሙሽራ ነው እንዴ የምታጥበው?» እያሉ ይስቁበታል። ይሳቁ! እሱ የቀባው ሞተር ዓመታት አልፈውት አይላጥም። ከዚህ ስም በቀር ምንም የለውም።

«አያምርም?» አለ የእህቱ ባል ወገቡን ይዞ።

«አታፍርም? ሲግል እኮ ይጨሳል፣ ይላጣል!»

«ኧረ ተወኝ ባክህ! ባለመኪናው ዛሬ ሊወስዳት ነው፤ ያንተን እጥበት ማን ይጠብቃል?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞ እኔን ብታዋርደኝ እህትህንም አዋረድካት ማለት ነው።»

ይኼን እየተባባሉ የመኪናዋ ባለቤት ደረሱ። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው። መኪናዋን የገዟት ባገቡ ዓመት ነው፤ ነገ ሚስታቸውን ይዘው ሩቅ አገር ወዳለች ልጃቸው ሊሄዱባት ነው። ሞተሩን ሲያዩ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ቀቢውን «እጅህ ይባረክ ልጄ!» ብለው መኪናዋን አስነሷት።

ብዙም አልቆየም። የጭስ ማውጫው ቧንቧ ላይ ያለው ቀለም አረፋ አወጣ፣ ጠቆረ፣ ይጨስ ጀመር። ግማቱ አፍንጫ ይሰነፍጣል።

«አዲስ ቀለም እንዲህ ነው ጋሼ፤ ትንሽ ጨሶ ይተዋል» አለ መካኒኩ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

ሽማግሌው ዞር ብለውም አላዩት። እያሳሉ ወደ ቀቢው ተመለሱ።

«እኔ የማምነው አንተን ነው። እውነት እንዲህ ነው?»

ቀቢው እህቱን አሰበ። አፉ መረረው።

«አዎ ጋሼ፤ እንዲህ ነው።»

«በቃ እንግዲያው!» እፎይ አሉ። «ሌላ ሰው ቢለኝ አላምንም ነበር።» ኮፈኖውን ዘግተው፣ እያሳሉና እየሳቁ፣ ጭሱን ከኋላቸው እየጎተቱ ከግቢው ወጡ።

የእህቱ ባል ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «ጎሽ! ገና አሁን ሰው ሆንክ!»

ቀቢው የሰውዬውን እጅ ከትከሻው ላይ አላነሳውም። እሱም ዋሽቶ በምን አፉ ይናገረዋል?