ለሟች የሚሆን አንድ ፎቶ

«ይሄም ባቡር! ይሄም ባቡር!» ቺሆ አልበሙን ወለሉ ላይ ወረወረችው። «እቴቴ፣ የሰው ዘር እኮ የለበትም!»

አክስቷ ኪኑዬ ከሬሳው ራስጌ ሻማ እየቀየረች ነበር። «ቀስ በይ እንጂ፤ አባትሽ እዚሁ ተኝቷል።»

«ይስማ! እንዲሰማ ነው የምጮኸው!»

ሺገዮሺ ፊቱን በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ሳሎኑ ውስጥ ተኝቷል። ያረፈው ትናንት ጠዋት ነው። ነገ ዘመድና ጎረቤት ሊሰናበተው ሲሰበሰብ፣ ሰው ሁሉ የሚሰግደው አበባ መሃል ለሚቆመው ፎቶው ነው። ቀብር አስፈጻሚዋ ፎቶውን እስከ አሥር ሰዓት ካላገኘሁ አይደርስም ብላለች፤ አሁን ስምንት ሰዓት አልፏል። አርባ ዓመት ካሜራ ከአንገቱ ያልወረደ ሰው፣ የራሱ አንድ ፎቶ የለውም። ጉድ እኮ ነው!

«የመንጃ ፈቃዱ ላይ ያለው አይሆንም?» አለች ኪኑዬ።

«እሱ ላይማ የሚፈለግ ሌባ ነው የሚመስለው።»

እያንዳንዱ ፎቶ ጀርባ ላይ ቀኑ፣ ጣቢያውና የባቡሩ ቁጥር በደቃቅ ጽሑፍ ሰፍሯል። ቺሆ የተወለደችበትን ሳምንት ፈልጋ አገኘችው። በዚያ ሳምንት ሦስት ባቡሮች አሉ። እሷ የለችም።

የነሱ ቤት ሽርሽር ማለት ድልድይ ስር መቆም ነበር። እናቷ በብርድ ቆማ የቀዘቀዘ ሩዝ ትበላለች፤ አባቷ የካሜራውን መቆሚያ ተክሎ ሰዓቱን ያያል። ቺሆ በሰባት ዓመቷ አንድ ቀን ቢራቢሮ ስታባርር ሐዲዱ ፊት ለፊት ብቅ አለች። «ውጪ ከዚያ!» ብሎ ጮኸባት። ከጎኑ የተሰለፉት የባቡር ፎቶ አንሺዎችም አብረው ጮኹ። አሥር ጎልማሳ በአንዲት ሕፃን ላይ! እነሱ ዘንድ ባቡር ሲመጣ የሰው ካሜራ በሚያየው ፍሬም ውስጥ ከመግባት የባሰ ኃጢአት የለም።

ይሄስ ይሁን፣ ልጅነት ነው፣ ያልፋል። የማያልፈው የእናቷ ነገር ነው። ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት እናቷ ሆስፒታል ተኝታ እያለች፣ እሱ አሮጌው ቀይ ባቡር ለመጨረሻ ጊዜ ሊያልፍ ነው ብሎ ፎቶ ሊያነሳው ተራራ ወጣ። ቺሆ «እናቴ እየሞተች ነው፣ ና!» ብላ ደወለችለት። «መጣሁ» አለ። የመጣው በማግሥቱ ነው፤ እናቷ ካረፈች ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ። «ባቡርህን አነሳኸው?» አለችው። አንገቱን ደፋ። ከዚያ ወዲህ የተያዩት በዓመት አንዴ፣ የእናቷ መቃብር ላይ ብቻ ነው። ሰላምታ እንኳ አትሰጠውም ነበር።

በሩ ተንኳኳ። ሰማንያ የሚጠጋቸው ሽማግሌ ጫማቸውን አውልቀው ገቡና ከሬሳው ፊት ግንባራቸው ምንጣፉን እስኪነካ ሰገዱ።

«ናሩሴ እባላለሁ፣ ልጄ። የአባትሽ የባቡር ጓደኛ ነኝ።»

«እንኳን መጡ! ይኸው አሥር ሺህ ባቡር አለልዎት፣ የሚወዱትን ይውሰዱ። የሰው ፎቶ ካለዎት ግን ለኔ ይስጡኝ፤ የምንቀብረው ሰው ነው።»

«ኧረ ቺሆ!» አለች ኪኑዬ በሹክሹክታ።

«ይተዉአት» አሉ ሽማግሌው፤ ከቦርሳቸውም ፖስታ አወጡ።

ፎቶው ላይ ቀይ ባቡር ከበረዶው ውስጥ እየወጣ ነው። ከባቡሩ ፊት ደግሞ አንድ ባዶ ራሱን የሆነ ሰው ይሮጣል፤ አፉን ከፍቶ ወደ ካሜራው ዞሯል።

«አባቴ ነው?»

«እናትሽ ያረፈችበት ቀን ነው። ስልክሽ ሲመጣ ባቡሩ ሊደርስ አሥር ደቂቃ ቀርቶታል። መኪና የነበረኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። ‹ናሩሴ፣ አድርሰኝ› አለኝ። እኔ ‹ባቡሩ ይለፍና› አልኩት።»

ቺሆ ትኩር ብላ አየቻቸው።

«ሲለምነኝ ቆይቶ፣ ባቡሩ ብቅ ሲል ተስፋ ቆረጠ። ካሜራውን እዚያው ጥሎ ወደ ጣቢያው ሮጠ፤ በሁላችንም ፍሬም ውስጥ። ‹ውጣ አንተ!› ብዬ ጮህኩበት። የዞረው ያኔ ነው። ፎቶዬን አበላሸብኝ ብዬ ስለተናደድኩ፣ ባቡሩ ካለፈ በኋላም አልተከተልኩትም። ሰባት ኪሎ ሜትር በበረዶ ሮጦ ሲደርስ የመንገደኛው የመጨረሻ ባቡር አምልጦታል። ጣቢያው ላይ አደረ።»

«ታዲያ ለምን አልነገረኝም?»

«ንገራት ብዬው ነበር። ‹እናቷ ታማ እያለች ትቻት የሄድኩት እኔው ነኝ፤ መሮጤ ምን ይሠራላታል?› አለኝ። የኔንም ስም ማንሳት አልፈለገም መሰለኝ።»

«እርስዎስ?» ቺሆ ብድግ አለች። «አሥራ ስምንት ዓመት ይህን ይዘው ቁጭ ብለው፣ ሲሞት ነው የሚያመጡልኝ? ሰላምታ ስነፍገው፣ ፊቴን ሳዞርበት... አሁን ለማን ልንገረው? እሱም፣ እርስዎም፣ ባቡራችሁም ገደል ግቡ!» ንዴቱ አስለቀሳት።

«ልክ ነሽ» አሉ ናሩሴ።

አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል ቀብር አስፈጻሚዋ መጣችና ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ አየችው።

«ፊታቸው ትንሽ ቢደበዝዝም ይሆናል። ፎቶው ላይ በኮምፒውተር ኮት እናለብሳቸዋለን። ባቡሩስ? በጣም ይወዱ ከነበረ ከኋላቸው ልንተወው እንችላለን።»

ቺሆ አፏን ብትከፍት የሚወጣው ስድብ ነው።

ናሩሴ ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ አሉ። መዳፋቸውን ዘርግተው ባቡሩ ላይ አሳረፉት። ያ ሁሉ ቀይ ጠፍቶ የሚሮጠው ሰው ብቻ ቀረ።

«ይሄን አጥፉት» አሉ።

«ኮቱም ይቅር» አለች ቺሆ። «እንደሮጠ ይሁን።»

ሴትዮዋ የሚጠፋውን ለመያዝ ፎቶውን እንደተሸፈነ በስልኳ ልታነሳ ቀረበች። የሽማግሌው እጅ ግን ሸርተት ብሎ ቀዩ ባቡር ብቅ አለ። ቺሆ ዓይናቸውን ሳታይ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ እጇን እጃቸው ላይ አድርጋ ጫን አለችው።