የዳልቺት ዋስ

በሰቆጣ ከተማ ዳር፣ ከአሮጌው የእህል መጋዘን ጀርባ፣ በድንጋይ ካብ የታጠረ ግቢ አለ። በጦርነቱና በድርቁ ጊዜ ባለቤቶቻቸው ትተዋቸው የተሰደዱ እንስሳት ከአጎራባቾቹ ከዝቋላና ከኒሯቅ መንገድ እየተለቀሙ የገቡት እዚህ ግቢ ነው፤ አሥራ አንድ አህዮች፣ አንዲት በቅሎና አራት ውሾች ነበሩ። ኃላፊ ሲፈለግ ሽማግሌዎች ተማክረው ሠላሳ ዓመት ርእሰ መምህር የነበሩትን አቶ ዓለምብርሃንን መረጡ፤ ቃላቸው የማይጠመዘዝ ሰው ናቸውና።

እሳቸውም አንድ ሕግ አወጡ። ከግቢው እንስሳ ወስዶ ሊያኖር የሚሻ ሁሉ ዋስ ይጥራ፤ ዋሱም በከተማው ቤትና ቀዬ ያለው፣ የታወቀ ሰው ይሁን። ወሳጁ እንስሳውን ላያስርብ፣ ቁስሉ ሳይሽር ላይጭን ይምላል፤ ዋሱ ደግሞ በየወሩ በሚካኤል ዕለት ሄዶ ያያል። ሕጉ ከባድ ቢመስልም ሠራ። ውሾቹ ደጅ አገኙ፤ አህዮቹም አንድ በአንድ ወጡ። በቅሎዋን የወሰዱት የጎረቤቱ ወረዳ የደሃና ቄስ ጀርባዋ አልጠናም ብለው አገራቸው ድረስ ከጎኗ በእግራቸው መሄዳቸው ተወራ።

ሰኔ ሲገባ ግቢው ለማዳበሪያ ማከማቻ ተፈለገና ቁልፉ በዐሥራ ሦስተኛው ቀን እንዲመለስ ታዘዘ። የቀረችው ዳልቺት ብቻ ነበረች፤ ጀርባዋ ገጣባ የሆነ፣ ጥርሷ ያለቀ አሮጊት አህያ። እስከዚያ ቀን ወሳጅ ካጣች ወደ ገደሉ አፋፍ ትለቀቃለች፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የጅብ ነው።

ፈላጊ ግን አልጠፋም ነበር። ከዝቋላ ተፈናቅላ በከተማው ጥግ አንዲት ክፍል የተከራየችው ጥሩሐረግ ሁለት ጊዜ መጥታለች። መጀመሪያ ብቻዋን መጣች፤ ተመለሰች። ሁለተኛ ዘመነ የሚባል ያገሯን ሰው ዋስ አድርጋ አመጣች።

«ይህ ሰው እንደ እርስዎ ተፈናቃይ ነው» አሉ አቶ ዓለምብርሃን። «ዋስ ቀዬ ያለው መሆን አለበት።»

«ቀዬ ያለው ሰው ባውቅማ፣ አባቴ፣ እኔስ ተፈናቃይ እባል ነበር?»

እሳቸው ግን መዝገቡን ዘጉ። ሕግ ለአንድ ሰው ከታጠፈ ለሁሉም ይታጠፋል ብለው ያምናሉ።

ዋስነት በእሳቸው ዘንድ ቀላል ነገር አልነበረም። አባታቸው ለአንድ ጎረቤት ዋስ ቆመው፣ ሰውየው ተከዜን ተሻግሮ ቢጠፋ፣ ሦስት ዓመት በእሱ ፈንታ ታስረዋል። ሲፈቱም «ልጄ፣ ለሰው ዋስ ከምትሆን ለገደል ዋስ ሁን፤ ገደል ከቦታው አይጠፋም» አሏቸው። አቶ ዓለምብርሃን ከዚያ ወዲህ ለማንም ዋስ አልሆኑም። የእኅታቸው ልጅ እንኳ ለምኖ አፍሮ ተመልሷል።

«ጋሼ፣ ይቺ ሴት በየማለዳው እንደምትመጣ ያውቃሉ?» አለቻቸው የእንስሳት ሐኪሟ ሶስና፣ ቁልፉ ሊመለስ ሁለት ቀን ሲቀረው። «እርስዎ ቅዳሴ ላይ ሳሉ ነው የምትመጣው። የአህያዋን ቁስል የማክመው እኔ ይመስልዎታል?»

በማግሥቱ የሚካኤል በዓል ነበር። አቶ ዓለምብርሃን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲያልፉ በካቡ በኩል ዞር ብለው አዩ። ጥሩሐረግ ካቡን ተጠግታ የዳልቺትን ጆሮ ይዛ፣ መዥገሩን በእሾህ እየነቀለች ድንጋይ ላይ ትጨፈልቃለች። ከዚያም የእሬት ቅጠል ሰንጥቃ ውኃውን ቁስሉ ላይ አንጠባጠበች። አህያዋን የምታናግራት በአገሯ ቋንቋ በኽምጥኛ ነበር፤ አህያዋም አንገቷን በካቡ ላይ ጥላ ትሰማለች። በግቢው ውስጥ ስምንት ወር በአማርኛ ስትጠራ ዳልቺት አንድ ቀን እንኳ ቀና ብላ አታውቅም። ሽማግሌው ጥቂት ቆመው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

በዐሥራ ሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ መዝገቡን ይዘው በሩ ላይ ተቀመጡ። ውኃ በአህያ እየጫነ የሚሸጠው ደግሰው ካቡን ተደግፎ ቆሞ ነበር። የራሱ አህዮች ጀርባ ስለቆሰለ ቀድሞ ከግቢው እንስሳ እንዳይወስድ ተከልክሏል፤ ቂሙም አልበረደለትም።

«ጋሼ፣ ዛሬ ማታ ጅቡም ሲመጣ ዋስ ይጠይቁታል?»

«አንተ ዋስ ከሆንክለት እፈቅድለታለሁ» አሉት ፊታቸውን ሳያዞሩ።

አጠገባቸው የቆመችው ሶስና ሳቀች። በዚህ መካከል ጥሩሐረግ መጣች። በእጇ ራሷ የገመደችው አዲስ የቃጫ ገመድ አለ፤ ከኋላዋ ግን ማንም አልነበረም።

«ዋስ አመጡ?»

«ዋሴ ሚካኤል ነው።»

«ቅዱስ ሚካኤል መዝገብ ላይ አይፈርምም።»

ሴትየዋ ገመዱን ለሶስና ሰጠችና «እንግዲያው ወደ ገደሉ ስትወስዷት በዚህ ሳቧት፤ የእናንተ ገመድ አንገቷን ይልጣታል» ብላ ፊቷን አዞረች። ዳልቺት የሴትየዋን ኮቴ ሰምታ ከካቡ ሥር መጥታ ቆማለች።

አቶ ዓለምብርሃን መዝገቡን ከፈቱ። በወሳጅ ስም ጥሩሐረግ ብለው ጻፉ። ዋስ የሚለው መስመር ላይ ሲደርሱ እስክሪብቶው ቆመ። ከዚያ ለተማሪ በሰሌዳ እንደሚጽፉት ፊደሉን አንድ በአንድ እያስተካከሉ፣ የራሳቸውን ስም ከአባታቸው ስም ጋር ጻፉ፤ ፈረሙም።

«ጋሼ፣ እርስዎ?» አለች ሶስና።

«በከተማው ቤት አለኝ። የታወቅሁም ነኝ። ሕጉ የሚጠይቀው ይህንን ነው።»

ደግሰው ካቡን ለቆ ቀጥ ብሎ ቆመ። ጥሩሐረግ ማለች፤ ገመዱንም ተቀብላ አህያዋን እየመራች ወጣች። ቁልፉ በሰዓቱ ተመለሰ።

ሐምሌ ፲፪ ቀን አቶ ዓለምብርሃን በዝናብ መካከል ዣንጥላቸውን ይዘው ወደ ጥሩሐረግ ክፍል ወረዱ። አህያዋ በላስቲክ ዳስ ሥር፣ በደረቅ ገለባ ላይ ቆማለች።

«ዋሳችን መጡ» አለች ጥሩሐረግ፣ መቀመጫ እያቀረበች።

አልተቀመጡም። ሕጉ እንደሚያዘው ጀርባዋን በእጃቸው ዳሰሱ። ቁስሉ ገጥሟል፤ በቦታውም ነጭ ጠጉር በቅሏል። ጆሮዋን ገለጥ አድርገው ሲያዩ አንዲት መዥገር አገኙ። ወዲያ ወዲህ አዩና፣ ከአጥሩ እሾህ ሰብረው፣ ጎንበስ አሉ።