ሃያ ዓመት የኖረው ዓሣ

«አይዞህ፣ አንተም ጌታህ ሞተብህ!» አለች ጎረቤቲቱ፣ የዳቦ ፍርፋሪ ወደ መስታወቱ ገንዳ እየበተነች። ለልቅሶ የመጣው ሁሉ እንዲሁ ነው፤ ሟቹ የሚሳሳለት ዓሣ ነው ሲባል ሆዱ ይባባና ከያዘው ዳቦ ቆርሶ ይጥልለታል። የሟቹ ልጅ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ከሶፋው ጥግ ሆና ታያለች። ዳቦ ውሃውን እንደሚያበላሸው ታውቃለች። «የራሱ ጉዳይ!» አለች በሆዷ።

ዓሣው አርጅቷል። ድሮ ብርቱካን ይመስል የነበረው ቆዳው ነጥቷል፣ ጀርባው ጎብጧል፣ አንድ ዓይኑም ደፍርሷል።

«የኔዎቹ እኮ ዓመት እንኳ አልደፈኑም። ዕድሜያቸው አጭር ነው ብዬ ተውኩት» አለች ጎረቤቲቱ።

«ማን አለሽ? በደንብ ከተያዘ ሃያ ዓመት ይኖራል!» አለች የሟቹ እህት። «ወንድሜ የቧንቧውን ውሃ ክሎሪኑ እንዲለቅ በባልዲ ሳያሳድር ቀይሮለት አያውቅም። ክንፉ ላይ ነጭ ነገር ወጣ ብሎ መድኃኒት ፍለጋ ከተማውን ሲያካልል የዋለ ሰው እኮ ነው። ወይ አንጀት!»

ልብስ ሰፊዋ ያን ጊዜ አልረሳችውም። ያኔ ትንሽ ልጅ ነበረች። በዚያው ሰሞን እናቷ ጓዳ ውስጥ ስትስል ታድራለች፤ አባቷ ዓይኑን ከገንዳው ሳይነቅል «ብርድ ነው፣ ይለቃታል» ይላል። ሐኪም ቤት የወሰዳት ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ዓሣው ግን ዳነ።

«እናቴስ በደንብ ብትያዝ ስንት ዓመት ትኖር ነበር፣ እትዬ?» አለች ጮክ ብላ።

«አፈሩ ሳይደርቅ? ነውር አይደለም?» አለች አክስቷ።

«ነውሩስ የሱ ነበር።»

ጎረቤቲቱ ጫማዋን ፈልጋ ሹልክ አለች።

በማግስቱ ጠዋት ውሃው እጣቢ መስሎ፣ ዓሣው ላይ ላዩን እየተንሳፈፈ አፉን ይከፍት ነበር።

«ተይው፣ ዕድሜውን ጠግቧል» አለች አክስቷ፣ ፊቷን ሳትመልስላት።

ልትተወው ነበር። እናቴ የቀመሰችውን እሱም ይቅመስ ብላ ቆርጣ ነበር። ግን ያንን አተነፋፈስ ታውቀዋለች፤ እናቷም መጨረሻ ላይ እንዲሁ ነበር አየር ያጠራት። «የተረገምክ!» አለችና እጅጌዋን ሰብስባ የራሰውን ዳቦ ታፍስ ጀመር።

ዓሣው አልሸሸም። ቀስ ብሎ መጣና ጎባጣ ጀርባውን መዳፏ ላይ አሻሸ። ይህን ያስለመደው አባቷ ነው። እሷን ግን አንድ ቀን እንኳ ፀጉሯን ዳብሷት አያውቅም።

ከቀብሩ ጀምሮ አልመጣ ያለው እንባ ያኔ ዱብ ዱብ አለ። «አንተን ነበር የሚዳብሰው አይደል?» አለችው። ዳቦው ተለቅሞ አልቋል፤ እጇን ግን ከውሃው አላወጣችም።